ሲኒ የሚቆምበት ትሪና ሲኒ የማይቆምበት ትሪ፦ የብረታ ብረት ማስዋቢያ ለሚያስመጡ

ሁለት የነሐስ ትሪዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፣ ሁለቱም የወጡት ከአንድ ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያው ጠርዙን የወይን ሐረግ ይዞረዋል፤ መሃሉ ግን ልሙጥ ነው። ሁለተኛው ከጠርዝ እስከ መሃል በአንበሳና በዘንባባ ምስል ተሞልቷል፤ ምስሉ ጎላ ብሎ ስለወጣ ሲኒ ቢያስቀምጡበት ያዘነብላል። ሻጩ ሁለቱንም በአንድ መስመር «የብረት ጌጥ፣ 500 ፍሬ» ብሎ ይጽፋቸዋል። የጉምሩክ ታሪፍ ግን ይለያቸዋል። የመጀመሪያው በታሪፍ ቁጥር 74.18 የሚመደብ፣ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ የገበታና የቤት መገልገያ ነው። ሁለተኛው በ83.06 የሚመደብ ጌጥ ነው። ያለያያቸው ሲኒው ነው። ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ስለ እያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ሊጠይቁት የሚገባው ዋና ጥያቄም ይኸው ነው፦ ዕቃው ምን ይመስላል ሳይሆን ምን ይሠራል? መልሱ ተገኝቶ በኢንቮይሱ ላይ ከተጻፈ ቀረጡም፣ ታክሱም፣ ሞጆ ወይም ቃሊቲ ጉምሩክ ላይ ሊነሣ የሚችለው ክርክርም መልክ ይይዛል። ካልተጻፈ መልሱን ሌላ ሰው ይሰጥልዎታል።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ይረዱ። ነጋዴው «ኤችኤስ ኮድ» የሚለው የተጣጣመ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ፣ በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚመራ መዝገብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ሥርዓቱን በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጠሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል፤ የኢትዮጵያ ታሪፍ በስምንት አሃዝ ይሠራል። ስለዚህ የቻይናው አቅራቢ የላከልዎትን አሥር አሃዝ እንዳለ መገልበጥ ስህተት ነው። ስድስቱን አሃዝ እንኳ ሳይመረምሩ አይቀበሉ። መዝገቡ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ስለሚከለስ (የመጨረሻው ክለሳ የ2022 እ.ኤ.አ. ነው) አቅራቢው የሚጠቀምበት እትምና በእርስዎ አገር ሥራ ላይ ያለው ላይገጥሙ ይችላሉ። አቅራቢው ቁጥሩን የሚመርጥበት የራሱ ምክንያትም አለው፦ በቻይና ላኪው የሚመለስለት ታክስ መጠን በቁጥሩ ይለያያል። ለእሱ የሚጠቅመው ቁጥር ለእርስዎ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እርምጃ እንግባ። ለብረታ ብረት የቤት ዕቃ ሁለት ትልልቅ ሰፈሮች አሉ። አንደኛው የመገልገያ ሰፈር ሲሆን ብረቱ በዓይነቱ ይከፋፈልበታል፦ ከብረትና ከአረብ ብረት የተሠራው በ73.23፣ ከመዳብና ከመዳብ ቅይጥ በ74.18፣ ከአሉሚኒየም በ76.15። ሁለተኛው የጌጥ ሰፈር፣ 83.06፣ ስለ ብረቱ ዓይነት አይጠይቅም፤ ወርቅ፣ ብር ወይም ፕላቲነም እስካልሆነ ድረስ ሁሉንም ያስተናግዳል። በውስጡም ደወልና ቃጭል 8306.10፣ በውድ ማዕድን የተለበጠ ሐውልትና ጌጥ 8306.21፣ ያልተለበጠው 8306.29፣ የፎቶና የሥዕል ክፈፍ እንዲሁም ከብረት የተሠራ መስተዋት 8306.30 ሆነው ይለያሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከመደርደሪያ አሻንጉሊት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ ይገርም ይሆናል፤ ታሪፍ እንዲህ ዓይነት ጎረቤቶችን ያገናኛል።

ድንበሩን የሚያስቀምጠው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ማብራሪያ ሲሆን፣ ሐሳቡ በአማርኛ ሲገለጽ ይህን ይመስላል። ያጌጠው ዕቃ እንደ ልሙጡ አቻው እኩል የሚያገለግል ከሆነ መገልገያ ነው፤ ጌጡ አይለውጠውም። አገልግሎቱ ከጌጥነቱ በግልጽ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ጌጥ ነው። ማብራሪያው ራሱ የሚጠቅሰው ምሳሌ ቅርጹ ከመጉላቱ የተነሣ አገልግሎቱ የጠፋ ትሪ ነው፤ የእኛው ሲኒ የሚያዘነብልበት ማለት ነው። ለጌጥ ብቻ የተሠሩ ድንክዬ የወጥ ቤት ዕቃዎችም እዚያው ናቸው። ጣት የምታህል የመዳብ ጀበና ቡና ስለማታፈላ ጌጥ ናት፤ ምድጃ ላይ የምትጣደዋ ግን የቱንም ያህል ብትቀረጽ መገልገያ ናት። ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ከጀርባው መስቀያ የተበየደለት ሳህን፣ የስፖርት ዋንጫ፣ ሐውልት፣ ከብረት የተቀጠቀጠ አበባ ወደ 83.06 ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአበባ ማስቀመጫ ነው። «ውሃ ይይዛል፣ አበባ ይይዛል፣ ስለዚህ መገልገያ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ልክ ቢመስልም፣ ማብራሪያው ጥቅሙ ሌላ ጌጥ መያዝ ወይም መደገፍ ብቻ የሆነውን ዕቃ ከጌጥ ይቆጥረዋል። የአበባ ማስቀመጫ ጌጥ ነው፤ የውሃ ማንቆርቆሪያ መገልገያ ነው፤ ቅርጻቸው አንድ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ሰፈሮች የማይቀበሏቸው ዕቃዎች አሉ፤ እነዚህን አስቀድመው ከክምሩ ያውጡ። የብረት ቢራቢሮዎች የከበቡት የግድግዳ ሰዓት ሰዓት ስለሆነ ምዕራፍ 91 ይገባል። መብራትና የሻማ መቅረዝ በ94.05 ናቸው፤ መቅረዝ እንደ ሐውልት ቢያምርም ለሻማ የተሠራ ነውና ከ83.06 ይወጣል። ወለል ላይ የሚቆም የብረት መደርደሪያና የሳሎን ጠረጴዛ በ94.03 የቤት ዕቃ ናቸው። በወርቃማ ብረት የተከፈፈ የመስታወት መስተዋት፣ ክፈፉ ከመስታወቱ ቢከብድም፣ በ70.09 ነው፤ 83.06 የሚወስደው ራሱ ገጹ የተወለወለ ብረት የሆነውን መስተዋት ነው። የገና ዛፍ ጌጥ 95.05 ነው። አንድ ኮንቴይነር «የሳሎን ማስዋቢያ» በሚል አንድ ስም ሲጫን በውስጡ አምስትና ስድስት የታሪፍ ቁጥር እንዳለ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው መገልገያ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የብረቱ ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ የሻጭን ቃል አይመኑ። በገበያ «ነሐስ» የሚባለው ብዙው ዕቃ በቢጫ የተለበጠ ብረት ወይም የዚንክ ቅይጥ ነው። ሕጉ ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ተራ ብረቶች የተሠራን ዕቃ የሚመድበው በክብደት በሚበልጠው ነው፤ የልባሱ ክብደት እዚህ ግባ ስለማይባል ከሥሩ ያለው ብረት ያሸንፋል። ናሙና ሲደርስዎት ማግኔት ያስጠጉ፤ ከተሳበ ቢጫው ቆዳ ብቻ ነው፣ ዕቃውም ከ74.18 ወጥቶ ወደ 73.23 ይሄዳል። ማግኔት ካልተሳበ ገና አልጨረሱም፤ ዚንክም፣ አሉሚኒየምም፣ ብዙው የማይዝግ ብረትም አይሳቡም። ዕቃውን ይመዝኑ፤ ከዚያ እስከ አፉ የሞላ ባልዲ ውስጥ አየር ሳያስቀሩ ሙሉ በሙሉ ያስጥሙትና የፈሰሰውን ውሃ በመለኪያ ይቁጠሩ። 850 ግራም የሚመዝን ዕቃ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ካፈሰሰ መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበት ቢጫ ነሐስ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ወደ 130 ሚሊ ሊትር ካፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ከ300 ካለፈ አሉሚኒየም ነው። የላቦራቶሪን ቦታ አይተካም፤ ኢንቮይሱ የሚዋሽ መሆኑን ለማወቅ ግን ይበቃል።

«ብር» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ጀርመን ሲልቨር» የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ አንዲት ግራም ብር የለበትም፣ ምድቡም ከመዳብ ጋር ነው። በብር የተለበጠ የነሐስ ሐውልት እዚያው ጌጥ ሰፈር ውስጥ በ8306.21 ይቀመጣል እንጂ የብር ዕቃ አይሆንም። ነገር ግን በቅይጡ ውስጥ የብር መጠን ከጠቅላላ ክብደቱ 2 በመቶ ከደረሰ ቅይጡ እንደ ብር ቅይጥ ይቆጠራል፤ ዕቃውም ወደ ምዕራፍ 71 ይሻገራል። አቅራቢው በደረሰኙ ላይ «ሲልቨር» ብቻ ብሎ ሲጽፍ ለእሱ የማድመቂያ ቃል ነው፤ ለጉምሩክ ባለሙያ ግን የውድ ማዕድን መግለጫ ነው። ያስተካክሉት።

በአንድ ካርቶን ተጠቅልለው የሚሸጡ ስብስቦች የራሳቸው ደንብ አላቸው። የብረት ትሪ፣ ስድስት የሸክላ ሲኒና አንድ የስኳር ዕቃ ለአንድ ዓላማ፣ ለቡና፣ ተሰብስበው ሳይበተኑ ለገዢ እንዲሸጡ ከታሸጉ፣ ስብስቡ በሙሉ ዋናውን ባሕርይ በሚሰጠው ዕቃ ይመደባል። እዚህ ላይ ሲኒዎቹ ዋና ናቸው ብሎ መከራከር ይቀላል። መርካቶ ደርሰው እየተፈቱ ለየብቻ የሚሸጡ ከሆነ ግን ስብስብ አይባሉም፤ እያንዳንዱ በቁጥሩ ይሄዳል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በኢትዮጵያ ቀረጥ የሚሰላው የዕቃው ዋጋ፣ መድንና ማጓጓዣ ተደምረው ነው፤ የማስከፈያ ልኩም እንደ ዕቃው እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። በቀረጡ ላይ ግን ሌሎች ይደራረባሉ። ኤክሳይስ ታክስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይጨመራል፤ ቀጥሎ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያም በደንብ ቁጥር 133/1999 የተጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ ከሁሉም ድምር ላይ ይታሰባል። መድንና ማጓጓዣን ጨምሮ 100,000 ብር የሚያወጣ፣ ኤክሳይስ የሌለበት ዕቃ በ35 በመቶ ቁጥር ቢወድቅ ቀረጡ 35,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 20,250፣ ሱር ታክሱ 15,525 ብር ይሆናል፤ በድምሩ 70,775። ያው ዕቃ በ20 በመቶ ቁጥር ቢሆን 20,000፣ 18,000 እና 13,800፣ በድምሩ 51,800 ብር ነው። የቀረጡ ልዩነት 15,000 ብር ሳለ የከፈሉት ልዩነት 18,975 ብር ሆነ፤ እያንዳንዱ የቀረጥ ብር 1.265 ብር እየሆነ ይወጣል ማለት ነው። 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥና 3 በመቶ የቅድሚያ ግብር ሲጨመሩ ድምሩ ከዚህም ያልፋል። ለዕቃው የመሸጫ ዋጋ ሲተምኑ ግን ሁሉንም እንደ ወጪ አይቁጠሩ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ በግብዓት የከፈለውን ያቀናንሳል፤ የቅድሚያ ግብሩም ከዓመቱ የገቢ ግብር ይታሰብለታል። ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን አይመለሱም፤ ከዕቃው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «ያለቀለት የቤት ዕቃና ጌጥ ብዙውን ጊዜ በከፍተኛው ልክ ነው የሚቀረጠው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ቀረጥ ካላቸው ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው። የማስከፈያ ልኩ አንድ ሲሆን በዕለቱ የሚከፈለው ገንዘብ አይለወጥም። ቁጥሩ የሚወስነው ግን ቀረጥን ብቻ አይደለም። ያቀረቡት ዋጋ ሲጠረጠር ንጽጽሩ የሚደረገው ከተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ ጋር ነው፤ ተመሳሳዩ የሚፈለገው ደግሞ በቁጥሩና በመግለጫው ነው። በቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ የግድግዳ ጌጥ «የነሐስ ጌጥ» ተብሎ ከቀረበ የሚነጻጸረው ቀልጦ ከተሠራ የነሐስ ሐውልት ጋር ይሆናል፤ የሚወጣው ዋጋ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። የክልከላ ዝርዝሮችም የሚወጡት በዕቃ ዓይነት ነው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ 38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲደረግና ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ማሻሻያ ጋር እስኪነሣ ድረስ፣ ዕቃው በየትኛው ዓይነት ይመደባል የሚለው ጥያቄ ከቀረጥ በላይ ነበር፤ ማስመጣት መቻልና አለመቻልን ይለይ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የትራንዚተሩ ሥራ ነው» የሚል ነው። ጥሩ ትራንዚተር ዋጋው ትልቅ ነው፤ ታሪፉን ከአብዛኛው አስመጪ በላይ ያውቃል። የማያውቀው ዕቃዎን ነው። ለእሱ የሚደርሰው ወረቀት ነው፦ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና የማጓጓዣ ሰነድ። ወረቀቱ «የብረት ጌጥ» ካለ 83.06 ብሎ ዲክላራሲዮን መሙላቱ ጥፋቱ አይደለም። በቀይ መስመር ወድቆ ካርቶኑ ሲከፈትና ልሙጥ ትሪ፣ መቅረዝና የግድግዳ ሰዓት ሲወጣ ግን ልዩነቱን የሚከፍለውና ለቅጣቱ ስሙ የሚጻፈው አስመጪው ነው። በአረንጓዴ መስመር ሳይፈተሽ ቢያልፍ እንኳ ዕቃው ከተለቀቀ በኋላ የሚደረግ ኦዲት አለ፤ ያን ጊዜ ዕቃው ተሽጦ አልቋል፣ ልዩነቱን የሚተኩበት ትርፍም የለም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይጠነክራል፦ «አገልግሎቱ ከጌጥነቱ ያነሰ ነው የሚለው መለኪያ ላስቲክ ነው፤ ባለሥልጣኑ እንደፈለገ ይስበዋል፤ ከሁለቱ ዝቅተኛውን መርጦ መሞከር ይሻላል።» መለኪያው በጫፉ ላይ ላስቲክ መሆኑ አይካድም፤ በመጠኑ የተቀረጸ፣ አንዳንድ ሲኒ የሚቆምበት፣ አንዳንዱ የሚያዘነብልበት ትሪ በእርግጥ አለ። ዝቅተኛውን መምረጥ ግን ከደንቡ ውስጥ የለም። አንድ ዕቃ ለሁለት ቁጥሮች የሚመጥን ከመሰለ መጀመሪያ ይበልጥ ለይቶ የሚገልጸው፣ ከዚያ ዋናውን ባሕርይ የሚያሳየው፣ ሁለቱም ካልፈቱት በቁጥር ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ያለው ይወስደዋል። በዕቃው ጠባይ እንጂ በልኩ ማነስ የሚመረጥ ነገር የለም። የላስቲኩ መድኃኒት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃውን ማደራጀት የሚቻለውም ዕቃው ሳይጫን በፊት ነው። የጉምሩክ አዋጁ ዕቃው ከመግባቱ አስቀድሞ ስለ አመዳደቡ ውሳኔ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ብዙ ፍሬ የሚያስመጡበት፣ ለዓመታት የሚደጋግሙት ዕቃ ድንበር ላይ ከሆነ ይህን መንገድ ይጠቀሙ። ለሁለት ካርቶን ናሙና አያስፈልግም።

ወደ ወረቀቱ ሥራ ሲመለሱ ከፕሮፎርማ ኢንቮይሱ ይጀምሩ። ባንኩ የሚያየው እሱን ነው፤ በኋላ የሚመጣው ኢንቮይስ ከእሱ ከተለያየ ማብራሪያ ይጠየቃሉ። እያንዳንዱ ዓይነት በራሱ መስመር ይጻፍ፦ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልባሱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ፍሬና ስንት ኪሎ እንደሆነ። «የብረት ጌጥ» በሚለው ፋንታ «ከአረብ ብረት የተሠራ፣ በነሐስ ቀለም የተለበጠ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳህን፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ለምግብ የማያገለግል» ተብሎ ቢጻፍ ባለሙያው ካርቶኑን ሳይከፍት ዕቃውን ያየዋል። ማጓጓዣው በአንድ ድምር ከመጣ ለየመስመሩ የሚከፋፈልበትን ስሌት አስቀድመው ይያዙ፤ ሰፊ ግን ቀላል የሆነ የግድግዳ ጌጥና ትንሽ ግን ከባድ ሐውልት ማጓጓዣን እኩል አይሸከሙም።

የትውልድ አገሩም ይጻፍ፤ የተጫነበት ወደብ ትውልድ አገር አይደለም። በዱባይ መጋዘን አልፎ የመጣ የሕንድ ነሐስ ሕንዳዊ ነው። ካይሮ ላይ የተሠራ ዕቃ ግብፅ የኮሜሳ የጋራ ገበያ አባል በመሆኗ ትክክለኛው የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ከቀረበለት የቀረጥ ቅናሽ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ካይሮ ተገዝቶ የተሠራው ቻይና ከሆነ ግን ወረቀቱ አያድነውም።

ምድቡ ከተቀየረብዎትና ትክክል አይደለም ብለው ካመኑ፣ የተቀየረበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለቅርንጫፉ፣ ቀጥሎ ለጉምሩክ ኮሚሽኑ፣ የቀረጥና የታክስ ውሳኔው ካልተለወጠም ለታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ያን ጊዜ የሚሰማው ንግግር ሳይሆን ዕቃው ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ፍሬ ሳይሸጡ ያስቀምጡ፤ ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ሚዛን ላይ እንዳለም ፎቶ አንሥተው ከኢንቮይሱ ኮፒ ጋር ያያይዙ። ትሪ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ያንሡ፤ ሲኒውን መሃል ላይ አስቀምጠው።